«ሽጡልን» አትበሉ፣ «ስጡን» በሉ

የጎረቤቴን ቤት የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ልጄ አይደለም፣ ደላላው አይደለም፣ ሽማግሎቹም አይደሉም። እነሱ አፍ ነበሩ፤ ምላሱ የኔ ነው። ይኸን አስቀድሜ የምናገር ንስሐ ልግባ ብዬ አይደለም። ንስሐማ ገብቻለሁ፤ አባ የሰጡኝን ስግደትም ጉልበቴ እንደቻለ ሰግጃለሁ፣ ግማሹን ቁጭ ብዬም ቢሆን። የምናገር ሰፈሩ ሁሉ አጣሞ ስለሚያወራው ነው። መጣመሙ ካልቀረ በኔ አፍ ይጣመም።

ቤቱ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ካለው አስፋልት ሲገባ መጀመሪያ የሚገኝ የነሱ ግቢ ነው፤ ከነሱ ጀርባ የኔ። እነሱ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጣናን ያያሉ፤ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የነሱን ጓሮ አያለሁ። የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ስንት ዘመን አይቼዋለሁ፤ ማን ምን እንደሚለብስ፣ ምኑ ጋ እንደተጣፈ ጠይቁኝ። የኔ በር በወዲያ በኩል ነው፤ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚውጥ የጭቃ መንገድ አለው፤ ዙሮ ዙሮ አስፋልት እስኪደርስ ሰው ያረጃል። ግን በዚያ የሚሄድ ማን ነበር? በሁለታችን ግቢ መካከል የእሾህ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ አንዲት ጠባብ መሹለኪያ ነበረች። የጎረቤቴ ባል መሪጌታው በሕይወት ሳሉ የከፈቱልን ናት፤ «ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አይዞርም» ብለው። በሷ ሾልኬ፣ በማንጎዋቸው ሥር አልፌ፣ በበራቸው እወጣለሁ። ሠላሳ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም እንጂ እስከ ሠላሳ መቁጠር አያቅተኝም።

መሪጌታው ደሴት ላይ ካለ ገዳም ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው አረፉ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሚስታቸውና አንዲት ልጃቸው ነበሩ። ልጅቱ እላለሁ እንጂ አርባዋን ደፍናለች። ሴት ካላገባች ልጅ ናት፤ ጥርሷ ቢረግፍም ልጅ ናት። ኮሌጅ ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ደሞዝተኛ ናት። ዝምተኛ ናት። ጠዋት ስትወጣ ዣንጥላዋን በብብቷ ይዛ አንገቷን ደፍታ ነው፣ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል። ሰፈሩ «ቆሞ ቀር» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሺ፣ እኔ ነኝ።

የኔ ልጅ ደግሞ ፈት ነው። ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራ። ሚስቱ «ከእናትህና ከኔ ምረጥ» ብትለው፣ እሱ ገና ሲያስብ እሷ ጓዟን ጭና ሄደች። ያሰበበትን ዛሬም አልነገረኝም።

ይኸ ልጄ አንድ ቀን መጣና፣ የፊተኛውን ቤት ካገኘን ሁለቱን ግቢ አንድ አድርገን ፔንሲዮን እንሠራለን፤ ካላገኘን ግን የጓሮ ቤት ለምንም አይሆንም፤ ይኸን እሸጥና አንቺን ኮንዶሚኒየም አስገባሻለሁ አለኝ። ካርታው በሱ ስም ነው። ራሴ ነኝ ያዞርሁለት፤ እናት መቼም ሞኝ ናት። ስንተኛ ፎቅ ነው አልሁት። አራተኛ አለኝ። ከአራተኛ ፎቅ እኔ የምወርድ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በሰው ትከሻ። ደረጃው ጠባብ ነው አሉ፤ መታጠፊያው ላይ ሣጥኑን ቀጥ አድርገው አቁመው ነው የሚያወርዱት። ዕድሜ ልኬን ቆሜ ሠርቻለሁ፤ ቆሜ መቀበር አልፈልግም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እነሱ ቤታቸውን ካለቀቁ እኔ ቤቴን እለቃለሁ። ባሌን ያወጣሁበትን፣ ልጄን የወለድሁበትን ቤት ለቅቄ፣ የማላውቀው ሰው ከላዬ ሲረግጥ እየሰማሁ ልሙት? አይሆንም አልሁ።

ልጄ በመጀመሪያ ደላላ ላከ። ደላላ መቼም ገዥውን አይናገርም፤ ማን እንደላከው አልተናገረም። በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ይኸን ቤት አይሸጡትም?» ሲላት፣ ጎረቤቴ እጇ ላይ የሰሐን እጣቢ ነበር፤ እንዳለ ለበሰው። ሁለተኛው መነጽር አድርጎ በመኪና መጣ። ጠላ የሚሸጥ ቤት በሩ ላይ ጣሳ ይሰቅላል፣ እኔ በር ላይ ጣሳ አየህ? አለችው። እኔ ከጓሮ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። መጋረጃ የሌለው ትያትር ነበር።

ሰው የማይሸጠውን ቤት ሽጥልኝ ማለት ቀላል አይደለም። ግን አሰብሁበት። ነገሩ ያለ ቃሉ ላይ ነው። ሴትዮዋን የሚያቃጥላት «ሽጡ» የሚለው ነው። የሚሸጥ በግ ነው፤ ላቱ ይዳሰሳል፣ ጥርሱ ይታያል። ቤት ግን ሰው የሚወለድበት፣ አስከሬን የሚወጣበት ነው። እንደ ልጅ ይጠየቃል እንጂ እንደ በግ አይዳሰስም። ደላላ ምን ያውቃል? ሽማግሌ እልካለሁ አልሁ።

ሁለት ሽማግሌ መረጥሁ። አንዱ የሁለታችንም ቤት የንስሐ አባት ናቸው። ጆሯቸው እንደ ልብ አይሰማም፤ ድምፃቸው ግን ጣናን ተሻግሮ ይሰማል። ሁለተኛው የቁንዝላ ሰው ናቸው፤ ድሮ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ አሁን ወገባቸው እምቢ ስላላቸው ዳር ተቀምጠው ሐይቁን ይጠብቃሉ፣ ሰው የሚሰርቀው ይመስል። አስቀመጥኋቸውና መከርኋቸው። «ሽጡልን» አትበሉ፣ «ስጡን» በሉ። ዋጋ የሚባል ነገር አታንሡ። ቤት ቤት ብላችሁም አትጀምሩ፤ በወግ በወጉ ዙራችሁ ግቡ አልኋቸው። አባ «ዋጋ ሳይነሣ እንዴት ይሆናል?» አሉ። ከሰጠች በኋላ ዋጋው በእግሩ ይመጣል አልሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። እኔ መሹለኪያዋ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር፣ ጎመን የምቀነጥስ መስዬ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ከጓሮ በኩል ሰሐን ታጥባለች፤ በእሾሁ መካከል ፊቷ ይታየኛል። እናትየው ፊት ለፊት በረንዳው ላይ ናት፤ አትታየኝም፣ ድምፅዋ ግን ይሰማኛል።

ግቡ፣ ቁጭ በሉ አለቻቸው። እምቢ አሉ። ጉዳይ አለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ነገሩ የተበላሸ እዚህ ላይ ነው፣ ወይም የተሳካ። በአገራችን እንዲህ ቆሞ አልቀመጥም የሚል ሽማግሌ የሚጠይቅ አንድ ነገር ነው። እኔ ወጉን ሳስተምራቸው ወጉ የማን እንደሆነ ረስቼው ነበር።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያን ድምፃቸውን ለቀቁት። «ከጓሮ ጎረቤትዎ ተልከን፣ በእጅዎ ያለችውን እንዲሰጡን ነው አመጣጣችን። ልጃችን ከልጅነቱ ጀምሮ እያያት ያደገ ነው። ሌላ ቦታ ፈልግ ብንለው ልቡ እምቢ አለ።»

ታንኳ ሠሪው ደግሞ ተቀበሉ። «ዕድሜዋ እንደገፋ እናውቃለን። ማንም ሳይነካት ብዙ ዘመን እንደቆየችም እናውቃለን። ልጃችን ግን እንዳለች ይወዳታል፤ ይዞ ያሳምራታል።»

የልጅቱ እጅ ሰሐኑ ላይ ቆመ። የሳሙናው አረፋ በክንዷ ወርዶ ከክርኗ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረገችውም። ምን ነካት ብዬ አየኋት።

እናትየው ድምፅዋ ሁሉ ተለውጦ፣ «ለዘመድ ላማክር። ልጅቱንም ልጠይቃት። በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለቻቸው።

ልጅቱን? ቤት ለመሸጥ ልጅቱን ምን ይጠይቋታል ብዬ ገና ሳስብ፣ ልጅቱ በእርጥብ እጇ አፏን ስትይዝ አየሁ። ያኔ ገባኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርሁት። ጎመኑ ከጭኔ ላይ ተደፋ።

ሽማግሎቹ ዙረው በኔ በር ሲመጡ አባ ደስ ብሏቸዋል፤ ነገሩ ሊያምር ነው፣ ሴትዮዋ እንኳን እጣቢ ልትደፋብን መርቃ ሸኘችን አሉ። ታንኳ ሠሪው ግን ፊታቸው ዓመድ መስሏል። አባን አስቀድመው ጥላው ሥር ካስቀመጡ በኋላ ወደኔ ጠጋ አሉና «አንቺ ሴት፣ ልጃቸውን የጠየቅን መስሏቸዋል። አሁኑኑ በመሹለኪያሽ ግቢና ንገሪያቸው» አሉኝ።

ሠላሳ እርምጃ ነበር። አልሄድሁም። እንዲህ አልኋቸው፦ ሰው ለዘመድ ልቡ ይራራል፤ ዘመድ የምንሆን ሲመስላት ልቧ ይለሰልስ፤ በቀጠሮው ቀን ቀስ ብለን ወደ ቤቱ እናዞራታለን። ይኸን አልሁ። እውነቱን ግን ለምን እደብቃለሁ? ደስ ብሎኝ ነው። ቆሞ ቀሯ ተጠየቀች! ሁለት ሳምንት ሙሉ የምስቅበት ነገር አገኘሁ። በዚህ ዕድሜ ሳቅ በየቀኑ አይገኝም። ታንኳ ሠሪው ሁለተኛ አልመጣም ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱምም።

ወዲያው በማግስቱ የእናትየው ወንድም፣ የልጅቱ አጎት፣ ከዱርቤቴ መጡ። የአዝመራው ገንዘብ ነው መሰለኝ፣ አዲስ ቆርቆሮ ጭነው ነው የመጡ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተቀየረ። ግድግዳው ታደሰ፣ በረንዳው ቀለም ተቀባ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ይኸን አይቶ ተጨነቀ። «እማ፣ እያሳመሩት እኮ ነው። ሊሸጡት ነው መሰለኝ» አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ምን ያስቅሻል አለኝ። እርጅና ነው አልሁት።

ልጅቱ ግን! ጸጉሯን ሹሩባ ተሠራች። ዣንጥላዋን ከብብቷ አውጥታ ዘርግታ ያዘች። አንገቷን ቀና ስታደርግ ረጅም ኖራለች፤ ያን ሁሉ ዘመን አላወቅንም። ማታ ከሥራ ስትመለስ በመሹለኪያዋ እየመጣች አንድ ቀን እርጎ፣ አንድ ቀን ዓሣ ጠብሳ ታመጣልኛለች። እሾህ ነቅላ ነው ዓሣውን የምትሰጠኝ፤ ጥርስ እንደሌለኝ አይታ። በላሁ። ጣቴን ላስሁ። እንደዚያ የጣፈጠ ዓሣ በልቼ አላውቅም፣ ማንም አላበላኝም። ከዚያ በፊት «እማማ» ነበር የምትለኝ፤ በሦስተኛው ቀን «እማዬ» አለችኝ። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ፤ እኔ ፊደል ባልቆጥርም ሰማኋት።

እኔ ደግሞ ዝም አልላትም። ምነው ዛሬ እንዲህ አማረብሽ፣ ኮሌጁ ደሞዝ ጨመረ እንዴ እላታለሁ። አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ማንን ልትጥዪ ነው ሹሩባው እላታለሁ። ፊቷ ደም ይመስላል። እንዲህ እያልሁ በዚያች ልጅ ተጫወትሁባት፣ ድመት በአይጥ እንደሚጫወት፤ ድመቷም እንኳ ሲርባት ነው።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ልብሴን ልታጥብልኝ መጣች። እምቢ ብላት አልሰማችኝም። አጥባ፣ አስጥታ፣ ከጎኔ ቁጭ አለች። ኋላ ገመዱን እያየች «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጠየቀው እሱ ራሱ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። መቆሚያው እዚያ ነበር። እሷም እኮ መንገዱን ከፍታልኝ ነበር፤ «እኔ ነኝ፣ ያውም አንቺን አይደለም» ብላት ያኔ ለብቻችን ነበርን፤ ታለቅስና ያበቃ ነበር።

«እሱ ነው እንጂ» አልኋት። «ሌት ተቀን እሷን እሷን ነው የሚል። እሷን ካላገኘሁ አገር ጥዬ እሄዳለሁ ይላል።»

ውሸት አልተናገርሁም። ቤቷን ነው የምል። ቤትም እኮ ስትወደድ እሷ ትባላለች። ልጅቱ ተነሣችና እጄን ሳመችው። የሳሙና ሽታ ነበረው ከንፈሯ፣ ወይም የኔ እጅ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። እናትየው የልጁ እናትም ልጁም አብረው ይምጡ ብላ ላከች። ለልጄ፣ ስለ ቤቱ ነው፣ ሊሰጡን ነው አልሁት። ካልሲ ሳይቀር አዲስ ለበሰ። አባ፣ ልጄና እኔ ሆነን፣ በዚያች በመሹለኪያዋ ሳይሆን በወጉ፣ ጭቃውን ዙረን በፊት ለፊት በር ገባን።

ቤቱ አብርቷል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። የዶሮው ሽታ እስከ አስፋልት ይሰማል። አጎትየው ነጭ ለብሰው ቆመዋል፣ እናትየው ከጎናቸው ተቀምጣለች። ልጅቱ የለችም፤ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ግን አዲስ ጫማ ይታያል። እኔ ያን ጫማ አየሁና አንጀቴ በሳቅ ታመመ። ቀስ ብዬ ወደ ቤቱ ላዞራቸው ያሰብሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ሲመጣ እናያለን ብዬ ተቀመጥሁ።

አጎትየው ንግግራቸውን አሳጠሩ። ዘመድ መክሯል፣ ልጅቱም ተጠይቃ እሺ ብላለች አሉ። «ሰጥተናል» አሉ።

አባ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። መረቁ። አሜን አልን። መቼም ጆሯቸው ነው፣ «ሰጥተናል» የምትለዋን ብቻ ነው የሰሙ። ምርቃቱን እንደጨረሱ ወደ ጉዳያቸው ገቡና፣ በዚያ ጣናን በሚሻገር ድምፅ፣ «እንግዲህ ካርታው በማን ስም ነው?» አሉ።

«የምን ካርታ?» አሉ አጎትየው።

«የቤቱ ነዋ» አለ ልጄ። የኔ ብልህ። ደስ ብሎት፣ ወደፊት ጠጋ ብሎ። «ካርታው ንጹሕ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ዋጋውን በሚገባ እንነጋገራለን፤ ለእናንተም ሌላ ቤት እንፈልጋለን።»

አጎትየው ወደ እህታቸው ዞሩ። እናትየው ልጄን አየችው፣ አባን አየቻቸው፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ፤ ፊቷ እንደ ሰም ቀለጠ፣ ሌላ ቃል አላውቅለትም። ከመጋረጃው ሥር ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ልጄ አሁንም አልገባውም፤ «ምነው? ቤቱን አይደል የጠየቅን?» አለ፣ ወደኔ ዞሮ።

ሳቄ ያኔ አመለጠኝ። እውነቴን ነው፣ ልይዘው ሞክሬያለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፣ በነጠላው ውስጥ አለፈ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚስቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

መጋረጃው ተገለጠ። ልጅቱ ወጣች። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጥለቱ ሰማያዊ። አላለቀሰችም። ልጄን አላየችውም፣ እንደ ወንበር አለፈችው። እኔ ዘንድ መጥታ ቆመች። 

«እሷን እሷን ነው የሚል ያሉኝ ቤቱን ነበር?»

«ቤትም እኮ እሷ ትባላለች» አልኋት። እስከዚያ ድረስ ሳቄ አልቆመም ነበር።

ልጄ ያኔ ገባው። ቀና ሲል ዓይኑ ላይ ያየሁትን፣ ያች የሄደች ሚስቱ ብታየው ተመልሳ ትመጣ ነበር። ሊናገር ፈለገ፤ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ አጎትየው ዱላቸውን አነሡ። እናትየው ግን እጇን ዘርግታ አስቀመጠቻቸው።

«ተቀመጥ» አለቻቸው። «ምግብ ተሠርቷል። ከቤቴ ሰው ሳይበላ አይወጣም።» ወደ ልጇም ዞራ «አቅርቢ» አለቻት።

አቀረበች። ዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ያልቃል። እየዞረች አስታጠበችን፣ ውሃውን ሳታንጠባጥብ። ወጡን አወጣች። ለልጄ ፈረሰኛውን አደረገችለት፤ የሙሽራ ድርሻ ተብሎ የተለየ ነበር፣ ሌላ የሚሰጡት ሰው የለም። ለኔ ጥርስ እንደሌለኝ አልረሳችም፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ፣ በጣቷ አድቅቃ ፊቴ አኖረችልኝ። በልተን እስክንጠግብ ማንም አልተናገረም። አባ ብቻ፣ ነገሩ ዛሬም አልገባቸውም፣ ወጡ ጥሩ ነው አሉ። ልጄ እያንዳንዱን ጉርሻ ውሃ እየጠጣ አወረደ። እኔ በላሁ። ጥሩ ነበር።

ስንወጣ እናትየው በር ድረስ ሸኘችን። «ቤቱን መፈለግሽን ብትነግሪኝ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ጎረቤት፣ «እምቢ እልሽና ጎረቤት ሆነን እንኖር ነበር።»

በክረምቱ ሞተች። ሰፈሩ ቅስሟ ተሰብሮ ነው ይላል። እኔ ኩላሊቷ ነው እላለሁ፤ ሰው ለመሞት ምክንያት አያጣም። ለቅሶዋ ላይ ከሁሉ አብልጬ አለቀስሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ ሙሾ አወረድሁ። የሚይዘኝ ጠፋ። አልቃሽ ሲደቃ ሰው ተይ ተይ ይላል፤ እኔን ማንም ተይ አላለኝም፤ ደክሞኝ ራሴ ተውሁት።

አርባዋ በወጣ ማግስት ብሎኬት የጫነ መኪና መጣ። እሾሁ ተነቀለ፣ ግንብ ተጀመረ። ከበረንዳዬ ሆኜ አያለሁ፤ ግንቡ ከወዲህም ከወዲያም እየመጣ መሹለኪያዋ ጋ ተገናኘ። ተነሥቼ ሄድሁና በቀረችው ቀዳዳ እጄን አስገብቼ፣ በዚች በኩል እኮ ነው የምናልፍ አልሁት ግንበኛውን። ግንበኛው ወዲያ ዘወር ብሎ ከልጅቱ ጋ ተነጋገረ። ተመልሶ፣ እማማ፣ እጅዎን ያንሡ አለኝ። አነሣሁ። የመጨረሻውን ብሎኬት አስቀመጠ። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከሉበት። ፀሐይ ሲወጣ ያበራል፤ አረንጓዴው ደስ ይላል።

ልጄ ከዚያ ወዲያ ስለ ፔንሲዮን አላነሣም። ሊሸጥ ግን ሞከረ። ገዥዎች መጡ፣ ደላላም መጣ። ሁሉም ጭቃውን ዙረው፣ ጫማቸውን ይዘው ይደርሱና «መግቢያው ይኸ ብቻ ነው?» ይላሉ። ጣና የት ነው ይላሉ። ከግንቡ ወዲያ ነው እላቸዋለሁ። አንዱ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ዕድሜዋ ገፍቷል አለ። ሁለተኛ አልመጣም። ሁሉም አይቶ ይሄዳል፣ ማንም አይወስዳትም። እንዲህ ብላ የኔ ቤት ቆማ ቀረች። ስሙን የማወጣ እኔ ነኝና፣ ለሷም ያው ስም አወጣሁላት።

ስለዚህ አሸንፌያለሁ። ከቤቴ የሚያወጣኝ የለም። አራተኛ ፎቅ የገባ ልጄ ራሱ ነው፤ ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ይወርዳል። ሲመጣ ደኅና ነሽ ይለኛል፣ ስኳር ያስቀምጥልኛል፣ ይሄዳል። ከዚያች እሑድ ወዲህ ሲበላ ዓይቼው አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ግን በጭቃው ዙሬ ነው የምሄድ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም፤ መቁጠር የምችል እስከ ሠላሳ ነው፣ ከሠላሳ እየተመለስሁ ከአንድ እጀምራለሁ።

ዕርቅ ይውረድ፣ መሹለኪያዋን ብቻ ትክፈትልኝ ብዬ ሽማግሌ ፈለግሁ። ታንኳ ሠሪው ዘንድ ሄድሁ፤ ሐይቁን እያዩ ሰላምታዬንም አልመለሱ። አባን ለመንሁ። በመጨረሻ ሰው አስረድቷቸዋል። «ልጄ፣ አፌን አውሼሽ ነበር፤ አቆሽሸሽ መለስሽልኝ» አሉኝ። ሌሎችም እንዲሁ። ነጠላ አጣፍቶ የኔን ቃል ይዞ በዚያች በር የሚቆም ጠፋ።

ራሴ ሄድሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በፊት ለፊት በር። እሷ ወጣች። ሹሩባው የለም፤ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ያ አልተመለሰም።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ» አለችኝ። «ዬ»ዋ ሄዳለች። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ጉዳይ አለኝ። ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አልኋት። እንዲያ ነው ወጉ። የበሩን መቃን ይዤ ቆምሁ።

«ይንገሩኝ።»

«መሹለኪያዋን ስጭኝ።»

ብዙ አየችኝ። ከኋላዬ ጣና ያበራል።

«ለዘመድ ላማክር» አለችኝ። «በሁለት ሳምንት ይመለሱ።»

በሁለት ሳምንት ተመለስሁ። ቆሜ ጠየቅሁ። አጎቴ አጨዳ ላይ ናቸው፣ ገና አላማከርሁም አለችኝ። ደግሞ በሁለት ሳምንት ተመለስሁ። አጎቴ ተዝካር ሄደዋል አለችኝ። አንድ ቀን እርጎ ሰጠችኝ፣ ቆሜ ጠጣሁት። ክፉ ቃል አንድ ቀን አልወጣትም። አጎትየውን መሸንቲ ገበያ አገኘኋቸውና፣ ስለ መንገዱ ምን መከራችሁ አልኋቸው። የምን መንገድ አሉኝ።

ይኸን እያወቅሁ እሄዳለሁ። ሌላ ምን አለኝ? የፊታችን እሑድ ቀጠሮዬ ነው። ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ፣ ትናንት ደግሞ የሳሳውን ሽበቴን ሹሩባ ተሠራሁ። ሠሪዋ ሴት እማማ፣ ማን ሊጠይቅዎ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ።